ከሰባ አምስት የሚነሳው ድር

ሐሙስ ጠዋት አባይነህ ሥራ ሲገባ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩሎ ነበር። ሰው ተኮልኩሎ የሚያነበው ነገር ደስ አይለውም፤ በሃያ ስድስት ዓመት የማተሚያ ቤት ኑሮው ከዚያ ሰሌዳ ላይ ደግ ወሬ አንብቦ አያውቅም። ቢሆንም መነጽሩን አደረገና ተጠጋ። ወረቀቱ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሥዕል አለ። ስድስት ጫፎች አሉት፤ በየጫፉ ሰዓት ማክበር፣ ጥራት፣ ፍጥነት፣ ትብብር፣ ዕቃ አያያዝ፣ አዲስ ነገር መማር የሚል ተጽፏል። አምስት ባለቀለም መስመሮች ከጫፍ ጫፍ እየዞሩ ይገጥማሉ፤ እነሱም አምስቱ የጥረዛ ክፍል ሠራተኞች ናቸው። አራቱ ወደ ጠርዙ ተጠግተው ተንሰራፍተዋል። አምስተኛው፣ ቡናማው፣ መሀል ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጧል። ግርጌው ላይ ቡናማው ማን እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል፤ አባይነህ ይላል።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው መንገድ ዳር ስንት ዘመን የኖረው ማተሚያ ቤት፣ ሰፈሩ ለግንባታ ስለተፈለገ ወደ ጀሞ ሊዛወር ነው። እዚያ የሚጠብቀው አዲስ የመጠረዣ ማሽን ደግሞ አራት ሰው ይበቃዋል። ጠራዦቹ አምስት ናቸው። ባለቤቱ አቶ ፈቀደ ሰው ዓይን እያዩ «አንተ ቅር» ማለት የማይሆንላቸው ሰው ስለሆኑ፣ ጭንቀቱን ለሠራተኞቹ ለራሳቸው አስረከቡ። እያንዳንዱ ሰው የአምስቱን ስም በያዘ ቅጽ ላይ ከመቶ ነጥብ ይስጥ፣ የሞላው ሰው ማንነት አይጻፍ፣ አማካዩ ይውጣ፣ ዝቅ ያለው ይሰናበት ተባለ።

እንግዲህ የኛ ሰው በየቀኑ አብሮት ለሚበላ ሰው ነጥብ ስጥ ሲሉት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ማን ደፍሮ ለባልደረባው ስልሳ ይጽፋል? ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስምንት፣ መቶ፤ ቅጹ ሁሉ በይሉኝታ ተሞላ። አባይነህም ለባልደረቦቹ ከዘጠና አምስት በታች አልሰጠም። ታዲያ ሁሉም ለሁሉም እንዲህ ቸር ከሆነ ይቺ ቡናማ ድር ከየት መጣች? ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ጡረታው ስድስት ዓመት ይቀረዋል። በዚህ ዕድሜ ጠራዥ ነኝ፣ ቅጠሩኝ እያለ ቢዞር ማን ያስጠጋዋል? ፈራ። ፍርሃቱ ግን ግማሽ ቀን እንኳ ፍርሃት ሆኖ አልቆየም፤ ጥርጣሬ ሆነ።

መጀመሪያ የጠረጠረው ሜላትን ነው። ሜላት ከተቀጠረች መንፈቅ ያልሞላት፣ ኮምፒውተር አዋቂ ተብላ ለእቅድ ሥራ የመጣች ልጅ ናት። ሥዕሉን የሠራችው እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ልክ መሆኑን ጠየቃት፤ ቁጥሩን እሷ እንዳስገባች፣ ሥዕሉን ግን ኤክሴል የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በራሱ እንደሠራው ነገረችው። እያወራችም ላፕቶፑን ከደን አደረገችው። ለአባይነህ ይህ መልስ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ከማሽን ጋር የኖረ ሰው ነው፤ የወረቀት መቁረጫው ሰው ባስተካከለለት ልክ እንጂ ደስ ባለው ቦታ ቆርጦ አያውቅም። በራሱ ሠራው ማለት ምን ማለት ነው? ደግሞስ ከስንት ቀለም መሀል ለሱ ቡናማ የደረሰው ለምንድን ነው?

ወደ ሥራው ሲመለስ ጥርጣሬው ሌላ ሰው ላይ አረፈ፤ ይሄኛው ደግሞ አንጀት የሚበላ ነበር። እንድሪስን ማለቴ ነው። እንድሪስና አባይነህ ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ሠርተዋል፤ አንዱ ያጥፋል፣ አንዱ ይሰፋል። አባይነህ ሲጾም እንድሪስም ሽሮ ያስቋጥራል፤ በረመዳን ደግሞ አባይነህ ምሳውን ከመጋዘኑ ጀርባ ተደብቆ ይበላል። አሁን ግን እንድሪስ ዓይኑን ይሸሻል። ምሳውን ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ይነሳል። ቅጹ የተሞላ ሰሞን ከሜላት ቢሮ ሁለት ጊዜ ሲወጣ አባይነህ በዓይኑ አይቶታል፤ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለውም፣ አሁን ግን ብዙ ነገር መሰለው።

ዓርብ ዕለት እንድሪስ በኒን መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «አይዞህ» አለው። አባይነህ ቀኑን ሙሉ ያችን ቃል ሲያመነዥክ ዋለ። አይዞህ የሚባለው መከራው ለደረሰበት ሰው ነው። ገና ምን ሆንኩና? ወይስ የሚያውቀው ነገር አለ? ሦስቱ ወጣቶች፣ መሓሪ፣ ልዑልና ኤዶም፣ ጋሼ እያሉ የሚያከብሩት ናቸው፤ እነሱን ማሽኑ ይፈልጋቸዋል፣ ቦታቸው አያሰጋቸውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መቅረቱ ካልቀረ በአባይነህ መውደቅ የሚተርፈው እንድሪስ ነው። ሒሳቡን እንዲህ ሠራው፤ በሠራ ቁጥርም ያው እየመጣ አስቸገረው።

ሥዕሉንና ከሥሩ ያለውን የአማካይ ሰንጠረዥ በስልኩ አነሳና ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ኪሎ ወጣ። እዚያ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይብባቸው ኮፒ ቤቶች ሞልተዋል። ከነሱ አንዷ የረይሀና ናት። ረይሀና ጠና ያለች፣ ጣቷ ሲተይብ ዓይኗ ደንበኛ የሚቆጥር ሴት ናት። አባይነህ ስልኩን አሳያትና ይህን ሥዕል ከመጀመሪያው ጀምራ እያየ እንድትሠራለት ጠየቃት። ራዳር ቻርት እንደሚባል ነገረችው። ስሞቹን ወደ ታች፣ ስድስቱን መመዘኛዎች ወደ ጎን ጻፈች፤ ቁጥሮቹን ሞላች፤ ሰንጠረዡን ከጥግ እስከ ጥግ መርጣ ቻርት አስገባ የሚለውን ተጫነችና ከዝርዝሩ ውስጥ ራዳርን አወጣች። መሀሉን በቀለም የሞላውን ዓይነት ስትሞክር የመጨረሻው ሰው ቀለም ሌሎቹን ደፍኖ አላሳይ አለ፤ ትታው በመስመር ብቻ ወዳለው ተመለሰች። ቀለሙም በአንድ ጠቅታ የሚለወጥ ሆኖ ተገኘ። አባይነህ ቡናማው አረንጓዴ እንዲሆንለት ጠየቀ፤ ሆነለት። አረንጓዴ ሆኖም ግን ኩምትር እንዳለ ነው።

ረይሀና ሥዕሉ መሀል ላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን ትንንሽ ቁጥሮች አየችና ከንፈሯን መጠጠች። የድሩ እምብርት ዜሮ አይደለም፤ ሰባ አምስት ነው። መለኪያው የሚነሳው ከሰባ አምስት ስለሆነ ሰማንያ ስድስት ያገኘ ሰው እመሀል የወደቀ ይመስላል። ቁጥሮቹ ላይ ተጭና መነሻውን ዜሮ አደረገችው። ወዲያው አምስቱም ድሮች ተነፍተው ጠርዙ አጠገብ ደረሱ፤ የአባይነህ ከሌሎቹ በጣት ወርድ ዝቅ አለች እንጂ እኩያቸው ሆነች።

አባይነህ በንዴት ጆሮው ጋለ። አላልኩም? ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ረይሀና ግን ቁጥሮቹ ሲቀራረቡ ፕሮግራሙ ራሱ መነሻውን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ተማሪዎችንም ሁልጊዜ እንደሚያሳስት ነገረችው። አላመናትም። ያመናት ቀጥሎ ያለችውን ነው።

«ስድስቱም ላይ እኩል ነው የወረዱት፣ ጋሼ» አለችው። «ሥራዎ ላይ ጉድለት ቢኖር አንዱ ወርዶ አንዱ ይወጣ ነበር። አራት ሰው ዘጠና ሰባት ዘጠና ሰባት ሰጥቶዎት አንድ ሰው አርባ ምናምን ቢሰጥዎት፣ ልክ እዚህ ይመጣል። አንድ ሰው ነው የጎተተዎት።»

አንድ ሰው። አባይነህ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ሁለቱን ሥዕሎች በፖስታ ይዞ እስከ ፒያሳ በእግሩ ወረደ። ታክሲ ቢጠሩትም አልሰማም። አንድ ሰው አርባ ምናምን ሰጥቶታል። ያን ሰው ያውቀዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት በልቷል። አራት ኪሎ ሳይደርስ ፈረደበት፤ ፒያሳ ሲደርስ የቀረ ይግባኝ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አባይነህ በአቶ ፈቀደ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሜላት ተጠርታ መጣች። ልጅቷ አየችው፣ ፊቷ ቀላ፣ መነሻው ሰባ አምስት መሆኑን ልብ እንዳላለች ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች። ስትወጣ አባይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር አወጣ። ከመሀላችን አንዱ ሊያጠፋኝ ብሎ አርባ ሰጥቶኛል፣ እሱም እንድሪስ ነው፣ ወረቀቱ ይታይልኝ አለ። አቶ ፈቀደ ደነገጡ። ወረቀቱ ሚስጥር ነው ብለው ቃል ስለገቡ አላሳይም አሉ። ይልቅ የመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠርና ሁሉም እንደገና ይሙላ፤ ሆኖም ከአሁን በኋላ በነጥብ የሰው እንጀራ ላይ ሲጫወት የተገኘ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከኛ ጋር አይሄድም ብለው ለአምስቱም አስታወቁ።

ማክሰኞ አዲሱ ቅጽ ታደለ። አባይነህና እንድሪስ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ነበሩ፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን አባይነህ ሰላምታውን በአገጩ ነው የሚመልሰው። ለመሓሪ፣ ለልዑልና ለኤዶም ዘጠናዎቹን ደረደረ። የራሱ ስም ጋ ሲደርስ ዘንድሮ ጨዋነት ይቅር ብሎ ዘጠና ስምንት ጻፈ። እዚያች ላይ ቆም ብሎ አስቦ ቢሆን ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ግን የተናደደ ሰው መቼ ይቆማል? እንድሪስ ስም ጋ ደረሰ። ቀና ብሎ አየው። እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ፣ እስክሪብቶውን ምራቅ እያስነካ፣ እንደ ተማሪ ተጠንቅቆ ይሞላል። አሁንም እኔን እየቀበረኝ ነው አለ አባይነህ በልቡ፤ አርባ አምስት ጻፈ። ሃምሳ። አርባ። ሃምሳ አምስት። ስድስቱንም ሞላ። ወረቀቱን ሲያስረክብ ቀለል አለው፤ ያን ቀን ምሳውንም አጣጥሞ በላ።

ሐሙስ አቶ ፈቀደ አባይነህንና እንድሪስን አስጠሯቸው። ሜላት ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። ድሩ አሁን ከዜሮ ነው የሚነሳው። አራቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም፤ የአባይነህም ከነሱ ጋር ነው። አንደኛው ግን በስድስቱም ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። የእንድሪስ ነው። ከዜሮ ቢነሳም ዝቅ ያለ ዝቅ ያለ ነው።

«መጀመሪያ አንተ ሰመጥክ፣ አሁን እሱ ሰመጠ» አሉ አቶ ፈቀደ ወደ አባይነህ እያዩ። «አንድ ሰው እየተጫወተብኝ ነው። ሚስጥሩ ይብቃና ወረቀቱን አብረን እንየው።»

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። አባይነህ ጎንበስ ብሎ የራሱን ስም ተራ በየወረቀቱ ላይ ፈለገ። ዘጠና ስምንት፣ መቶ፣ ዘጠና ሰባት። አራተኛው ላይ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ የሚል አገኘ። ይኸው፣ ይህን የጻፈ ነው ብሎ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለ። ጣቱን እንደተከለ ቀረ። የአራት ቁጥር እግር ረዝሞ ወደ ግራ ተንጋዷል። የወረቀት ጥቅል ላይ በወፍራም እርሳስ እየቆመ ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው አራትን እንዲህ የሚጽፈው። የሱ አራት ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። መጀመሪያ ቅጹን ሲሞላ የራሱ ስም ጋ ደርሶ አፍሮ ነበር። ሰው ስለራሱ ዘጠና አምስት ብሎ ይጽፋል? ነውር አይደለም? አርባም ሃምሳም ብሎ አለፈው፤ ነጥብ ሰጠሁ ብሎም አላሰበም፤ የራስን ማን ይቆጥረዋል፣ አቶ ፈቀደ ሥራዬን ያውቁት የለም ወይ ብሎ ረሳው። ኤክሴል ግን የሰው ትህትና አይገባውም፤ እንደ ሌላው ቁጥር ደምሮ አካፈለው። ወጣቶቹ ለራሳቸው መቶ መቶ ሰጥተዋል። አምስተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ የእንድሪስ ተራ ባዶ ነው። ሜላት ባዶ ሲሆን ፕሮግራሙ ከአማካዩ ውስጥ እንደማያስገባው አስረዳች። እንድሪስ ያኔ ሁለት ጊዜ ቢሮዋ የመጣው ለዚሁ ነበር፤ ስለራሴ የሚያውቀው አላህ ነው ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ፣ ጥፋት ይሆንብኛል ወይ ብሎ ሊጠይቅ።

አቶ ፈቀደ ሳቁ። እፎይ ያለ ሰው ሳቅ ነበር። አባይነህን ትከሻውን መታ መታ አድርገው ለካ ጠላትህ አንተው ነህ ብለው አሾፉበት። አባይነህ ግን አልሳቀም። ሁለተኛው ክምር ገና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እሳቸውም ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደሱ ዞሩ። ቅጾቹን አንድ በአንድ ገልብጠው የእንድሪስን ስም ተከተሉ፤ አንዱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ። ይሄ ትህትና አይደለም አሉ፤ የእንድሪስ ወረቀት አሁንም ባዶ ተራ ያለው ስለሆነ፣ ይህን የጻፈ ሌላ ሰው ነው። ሦስቱን ልጆች ልጥራቸው ወይ ብለው አሰቡ።

አባይነህ ወረቀቱን ማየት አላስፈለገውም። እንድሪስ ግን አየው። አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገው፤ ብዙ ጊዜ ያዘው። ጥቅሎቹ ላይ ያለውን ያን የእርሳስ ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያነበበ ሰው እሱ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ይተዉት፣ አቶ ፈቀደ» አለ። «የተሰጠኝን ተቀብያለሁ። ልጆቹን አይጥሩ።»

አባይነህ ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ያልቃል። አቶ ፈቀደ እጁን አያውቁትም፣ ሜላትም አታውቀውም፣ እንድሪስ አይናገርም። ጀሞ ይሄዳል፣ ስድስት ዓመቱን ይጨርሳል። ይህን ሁሉ አሰበው፤ አላሰበውም ብዬ አላስውበውም። ሰኞ ዕለት የተባለውም ጆሮው ላይ ነው፤ ማንም ይሁን ማን ከኛ ጋር አይሄድም።

«የኔ እጅ ነው» አለ።

ሜላት ዓይኗን ላፕቶፑ ላይ ተከለች። አቶ ፈቀደ ወረቀቱን አንስተው አዩት፣ አባይነህን አዩት፣ መልሰው ወረቀቱን አዩት። የተናገሩትን ቃል እሳቸውም አልረሱትም፤ ግን ሰው ዓይን እያዩ ቅር ማለት አይሆንላቸውምና፣ አንገታቸውን ደፍተው ሜላትን ያን ተራ አውጪው አሏት። አወጣችው። የእንድሪስ ድር ተነፍቶ ከሌሎቹ ጋር ተካከለ። ከጀሞው ጉዞ ማን እንደሚቀር ግን ማንም አልጠየቀም፤ አስፈላጊም አልነበረም።

ኮሪደሩ ላይ አባይነህ እንድሪስን ደረሰበትና ክንዱን ያዘው። ይቅርታ ሊል ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እጄ መሆኑን አውቀሃል። ለምን ዝም አልክ?»

እንድሪስ ቆመ። ዓይኑን አልሸሸም።

«እውነት መስሎኝ ነዋ» አለው። «አንተ ውሸት አትጽፍም። ይሄን ሁሉ ዘመን ሥራዬ ደካማ ሆኖ፣ አንተ ሆዴ እንዳይብሰኝ ብለህ ታግሰኸኝ ኖረሃል ማለት ነው ብዬ።»

አባይነህ ክንዱን ለቀቀው። እንድሪስም ደረጃውን ወርዶ ወደ ጥረዛ ክፍል ገባ፤ ከሰዓት የሚወጣ ሦስት መቶ መጽሐፍ ነበረባቸው።